በቀኝ ጎን ያለው መስመር

አባዬ ካኮረፉኝ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው። የተጣላነው በአውሮፕላን ነው፤ ያውም በሌለ አውሮፕላን። ጠዋት ሦስታችንም ሳሎን ቁጭ ብለን፣ ዳቦው መሀላችን ተቀምጦ፣ አባዬ ወደ እማዬ ዞረው «ያቺ ልጅ ሻይዋ እንዳይቀዘቅዝባት ንገሪያት» ይላሉ። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እማዬም መልእክቱን አንድ ቃል ሳትቀንስ ታደርሳለች፤ «ሙፊዳ፣ ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ።» እኔም «እሺ በያቸው» እላለሁ፤ እሷም «እሺ ብላለች» ትላቸዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ደመወዝተኛ ነኝ፣ በገዛ አባቴ ፊት በአስተርጓሚ ነው የምኖረው። እንዲህ ሆኖ ሻይ የሚጣፍጠው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጩኸት መልስ ይኖረዋል፤ ይኼኛው ግን ምን እንዳጠፋሁ እንኳ ሳላውቅ የምቀጣው ቅጣት ነው።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ ሳሎንና ወጥ ቤት ተብሎ የሚጠራ ጥግ። መኝታ ቤቱ የእነሱ ነው፣ ሶፋው የእኔ። ኮምፒውተሬ መስኮቱ ስር ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። ቀን ቀን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ አንድ ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ እሠራለሁ፤ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አውሮፕላን አበርራለሁ። በኮምፒውተር ነው እንግዲህ። እውነተኛውን አብራሪ የሚያለማምዱበት ዓይነት ፕሮግራም ነው፤ እማዬ ግን ጌም ነው የምትለው። መሪውን መርካቶ በዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብር ገዝቼ «ሁለት ሺህ ነው» ብያታለሁ፤ ሁለት ሺሁም ቢሆን «ለዚህ ዱላ?» አስብሎኛል። «የሰው ልጅ አግብታ ትወልዳለች፣ የእኔዋ ቁጭ ብላ ጎንደር ደርሳ ትመለሳለች» ትላለች ለጎረቤት። እውነቷን ነው፣ በሁለት ሰዓት ደርሼ እመለሳለሁ።

ፕሮግራሙ ላይ የሚበሩትን አውሮፕላኖች እዚያም እዚህም ያሉ ሰዎች ሠርተው በነፃ ይለቃሉ። እኔም ባለፈው ክረምት አንድ ዳኮታ አገኘሁ፤ ያ ሁለት ሞተር ያለው፣ ጭራው መሬት ላይ ተቀምጦ አፍንጫው ሰማይ የሚያየው የጥንቱ አውሮፕላን። የሠራው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ አጭር ጽሑፍ ግን አብሮ ልኳል። «እንደፈለጋችሁ ቀይሩት፣ እንደፈለጋችሁ ቀቡት፤ አትሽጡት፣ ስሜን አታጥፉ» ይላል። ልደታ ውስጥ እንደዚህ ያለ ውል የሚያስፈርም አከራይ አላየሁም። አባዬ በወጣትነታቸው ሦስት ዳኮታ በነበረው አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የአውሮፕላን ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ ድርጅቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ነበሩ ሲባል እሰማለሁ እንጂ እኔ ነፍስ ሳውቅ የዚያው ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ። ለምን ከቀለም ወደ መጋዘን እንደገቡ ጠይቄ አላውቅም። የአባት ሥራ ይጠየቃል እንዴ? ጧት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ በቃ።

እና ያንን ነፃ ዳኮታ እንደ ድርጅታቸው አውሮፕላን ቀብቼ ለአረፋ ላስደንቃቸው አሰብኩ። የጡረተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ነበረች፣ አውሮፕላኑ ግራ ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ። ነጭ ነው፤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ አረንጓዴ መስመር አለው። መስመሩ ወደ ጭራው አካባቢ፣ ትልቁ የጭነት በር ላይ ሲደርስ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይልና በሩን ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጎበዝ ነኝ ባይ ነኝና እሱንም ሳልስት ቀባሁት። የኮምፒውተር አውሮፕላን የሚቀባው ቆዳው ተገፎ እንደ በግ ቆዳ በተዘረጋ ሥዕል ላይ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያደረግሽው ሁሉ ሄዶ አካሉ ላይ ይለጠፋል። የዚህኛው ዳኮታ ሠሪ ደግሞ ድካም ለመቀነስ ብሎ ለሁለቱም ጎን አንድ ቆዳ ነው ያደረገለት። ለግራው የቀባሁት ቀኙም ላይ ይወጣል። በቀኝ በኩል ያ ትልቅ በር የለም፤ መስመሩ ግን እዚያም ዝቅ አለ። አይቼዋለሁ። ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት። ሦስት ወር የለፋሁበትን ሥራ በአንድ ስንፍና ደመደምኩት።

የአረፋ ለት ቤቱ ሞልቶ ነበር። የአባዬ የድሮ የሥራ ባልደረቦች ሁሉ ይመጣሉ፤ ሥጋ ለሚበላው ሥጋ፣ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ እማዬ ለብቻው የምትሠራው ምስርና ሩዝ አለ። ሰው በልቶ ሲጨርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩት። ዳኮታው ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ ሐይቁን በግራ ጎኑ አሳይቶ፣ ከዚያ ዞር ሲል ቀኝ ጎኑ ስክሪኑን ሞላው። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» ይል ነበር። አንድ ወፍራም ጡረተኛ ግን ሳቀና አባዬን «አይ አብዱልፈታህ! ለካ በሁለቱም በኩል አጉብጠኸው ኖሯል» አለ። ሦስት አራቱ አብረውት ሳቁ። አባዬ ተነሱና መኝታ ቤት ገቡ። ሁልጊዜ የማይቀሩት የአባዬ ወዳጅ ጋሽ ኃይለመለኮትም ምስራቸውን ግማሽ ላይ ትተው «ደክሞኛል» ብለው ወጡ። እኔ መሀል ቤት ላይ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ሰው በምን እንደሳቀ አልገባኝም፣ አባዬ በምን እንደከፋቸው አልገባኝም፣ ብቻ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ከፊታቸው አውቄያለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አባዬ ቁርስ በልተው ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እማዬን ወጥ ቤት ያዝኳት። ምንድን ነው ያደረግኳቸው አልኳት። ሽንኩርቷን እየላጠች «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። የምታውቅ ሰው ነበር የምትመስለው። ትንሽ ቆይታ ግን ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ «ሦስት ወር እዚያ ማሽን ላይ ስታፈጪ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሻቸዋል? አባትሽ እኮ ያንን አውሮፕላን በእጃቸው ነው የቀቡት። አንቺ የሰው ፎቶ አምነሽ...» አለችና ተወችው። ላስደንቃቸው ነበር እኮ አልኳት። «አስደነቅሻቸዋ» አለች። ከዚያ ለእኔ ብቻ የሚሰማ በሚመስል ድምፅ ሽማግሌ ላኪ አለችኝ። በገዛ ቤቴ? ለገዛ አባቴ? ጉድ እኮ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። «አባትሽ ለሽማግሌ እምቢ ብለው አያውቁም» አለች።

ሽማግሌ ሲባል እኔ የታየኝ አንድ ሰው ነው፣ ጋሽ ኃይለመለኮት። ከአባዬ ጋር አንድ ሀንጋር ውስጥ የሠሩ፣ የመካኒኮች አለቃ የነበሩ ሰው ናቸው። አረፋ በመጣ ቁጥር እሳቸው እኛ ቤት ናቸው፤ ገና ሲመጣ እኛ እነሱ ቤት። ለገና የእኛን በግ ለብቻው ገዝተው አባዬን በጧት ይጠሯቸዋል፣ አባዬ ራሳቸው እንዲያርዱት። ከልጅነቴ ጀምሮ ወዳጅነት ሲባል የማውቀው እሱን ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ኪሎ ሙዝ በመቶ ሃያ ብር ገዝቼ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ጃንጥላም ይዤ፣ ወደ አብነት በእግሬ ወረድኩ። መንገዱ ላይ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። አባቴን በምን እንዳስቀየምኳቸው አላውቅም፤ ግን አስታርቁኝ። ለራሴ ሲሰማ የሞኝ ንግግር ነው።

የጋሽ ኃይለመለኮት ቤት ከጋራዦቹ ጀርባ ያለ የድሮ የቀበሌ ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በሰማያዊ ቀለም እየተደራረበ የወፈረ፣ ወለሉ ላይ ሸራ የተነጠፈበት። ባለቤታቸው እትዬ ወለተሰንበት ሙዙን ተቀብለው «ምን አስቸገረሽ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሽ ኃይለመለኮት አልጋው ጠርዝ ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ እግራቸው ያብጣል። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘይት ዋጋ ተጨዋወትን። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ። አባዬ በአውሮፕላኑ ሥዕል ምክንያት እንዳኮረፉኝ፣ ዘጠኝ ቀን እንደሞላቸው፣ እሳቸው ሽማግሌ ሆነው ቢያስታርቁኝ ብዬ እንደመጣሁ። እጃቸውን ዘርግተው «ሥዕሉ ስልክሽ ላይ አለ?» አሉኝ።

ግራውን አሳየኋቸው፤ አላዩትም ማለት ይቻላል። «ቀኙን» አሉ። ቀኙን ሳሳያቸው ስልኩን ከእጄ ወሰዱና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይኼን ከየት አመጣሽው? የቀኙ ፎቶ አለሽ?»

«የለኝም። ቆዳው አንድ ስለሆነ ነው፤ ለግራው የቀባሁት ራሱ ነው ቀኙም ላይ የሚወጣው» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ስለዚህ ማሽኑ ነው እንዲህ ያደረገው። አብዱልፈታህ አይደለም።»

«ማሽኑ ነው። እኔም ነኝ፣ ማስተካከል ነበረብኝ።»

ስልኩን መለሱልኝ። ከጓዳ የድስት ክዳን ድምፅ ይሰማል። «ልጄ፣ እኔ ለአንቺ ሽማግሌ መሆን አልችልም» አሉ በመጨረሻ። እኔ በሕይወቴ ሽማግሌ ሁኑ ተብሎ እምቢ ያለ ትልቅ ሰው አላየሁም። ደሜ ፈላ። ምን በደልንዎ፣ ወዳጅነት ማለት ይኼ ነው ወይ፣ ለምስሩ ጊዜ አይደክምዎትም ለእርቁ ጊዜ ይደክምዎታል ወይ አልኳቸው። የመጨረሻዋን ከአፌ ከወጣች በኋላ ነው የሰማኋት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ልክ ነሽ እንደማለት።

የነገሩኝን እኔ እንደገባኝ ልናገር። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ድርጅቱ በመንግሥት ባለሥልጣናት ሊጎበኝ ነበር። አባዬ አንዱን ዳኮታ ለጉብኝቱ አዲስ ቀቡት፤ መስመሩን በክር ለክተው፣ በአንድ ቀን፣ ግራና ቀኙን። በማግስቱ አባዬ ለምሳ በወጡበት ጋሽ ኃይለመለኮት ራሳቸው ፎርክሊፍት፣ ያንን ባለሹካ ዕቃ ማንሻ መኪና ይዘው ወደ ኋላ ሲሄዱ የጭነቱን በር ገጩት። በሩ ተጣመመ። ያን ሳምንት ለዋና ኃላፊነት ታጭተው ነበር፤ ገጨሁ ብለው አልጻፉም። ለመለዋወጫ ከቆመው ሌላ ዳኮታ ላይ በር ፈትተው ገጠሙ። ያኛው በር ድሮ በሌላ ሰው የተቀባ ነው፤ መስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ ያለ። ለማስተካከል ጊዜ ሳይኖር እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ አፈሩ። ኮሚቴ ተቋቋመ። አባዬ «በሩ የእኔ አይደለም፤ ካላመናችሁ ቀኙን ዞራችሁ እዩት፣ በአንድ ክር የሠራሁት ነው» አሉ። ማንም አልዞረም። አውሮፕላኑ በማግስቱ ለሥራ ሄደ፣ አባዬ በቸልተኝነት ተብለው ከቀለም ክፍል ወጥተው መጋዘን ገቡ። ብሩሽ ሁለተኛ አልያዙም። «ቀኙ ምስክሩ ነበር» አሉኝ ጋሽ ኃይለመለኮት። «እሱንም አንቺ ሳታውቂ አጣመምሽበት።»

«አባዬ ያውቃሉ? በሩን እርስዎ እንደቀየሩት?»

«እንጃ። ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት እንዴት አብራችሁ በላችሁ?»

«እንዴት ብዬ ልቅር? አንድ አረፋ ብቀር፣ ለምን ቀረ ይባላል» አሉኝ። እትዬ ወለተሰንበት ከጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም። እጃቸው ላይ የሻይ ትሪ ነበር፣ አላስቀመጡትም።

ወደ ልደታ ስመለስ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ጃንጥላውን መዘርጋት ረስቼ በብብቴ ይዤ ነው የመጣሁት። በማን ልናደድ? ሰውየውን ልጥላቸው እንዳልል ያ ያበጠ እግር ይመጣብኛል። አባዬን፣ ለምን አልነገሩንም ልላቸው አልኩ፤ እማዬ ትዝ አለችኝ፣ «ጠይቀሻቸዋል?» ያለችው። በራሴ ልናደድ ስል ደግሞ እኔ እኮ ስጦታ ነው የሰጠሁት። ሁሉም ጋ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ፤ ሰብስቤ አንድ ላይ ሳደርገው ግን ምንም አይሆንልኝም። የባቡሩ ድልድይ ስር የተጠለለ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ነበር። አባዬ ሃያ ስድስት ዓመት የተማመኑበት አንድ ምስክር ነበራቸው፤ እሱን እኔ በአረፋ እንግዳ ፊት ሐሰተኛ አድርጌዋለሁ።

ቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አባዬ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ቀለም ብቻ አይበቃም፤ ሞዴሉን ራሱን መንካት ነበረብኝ። የዳኮታውን አካል ከመሀል ጀርባው ላይ ለሁለት ከፈልኩና ቀኝ ጎኑን ከግራው ቆዳ ፈታሁት፣ ስፌት እንደሚፈታ። ከዚያ ለቀኙ የራሱ አዲስ ቆዳ ዘረጋሁለት። ሁለት ጊዜ ተበላሸ፣ ክንፉ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ፕሮግራሙ ተዘጋ። በሦስተኛው ተሳካ። ነጩን ቀባሁ፤ አረንጓዴውን መስመር ከአፍንጫው ጀምሬ መሳብ ጀመርኩ። ከኋላዬ የጋዜጣው መገለጥ ቆሟል። እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ሶፊያ» አሉ አባዬ፣ «መስመሩ ከመስኮቶቹ በታች አንድ ስንዝር ነው በያት።»

እማዬ ነገረችኝ። እኔ አወረድኩት።

«አሁን በዛ። ስንዝር እንጂ ክንድ አላልኩም።»

«በዛ ብለዋል» አለች እማዬ። ከፍ አደረግኩት። እስከ ጭራው ሳብኩት፣ ሳላቋርጥ፣ ሳይጎብጥ። ዞሬ ላያቸው ፈለግኩ፤ ፈራሁ። ነገሩን ከጋሽ ኃይለመለኮት ሰምቻለሁ ልላቸውም ፈለግኩ፤ እሱንም ፈራሁ። ከእኔ ጋር የማያወራ ሰው ምኑን ይሰማኛል? በእማዬ በኩል ልላክ እንዴ? እሷ ደግሞ የምታውቀው ምን ያህሉን ነው? አስቀመጥኩትና ቀኝ ጎኑ እንደታየ ስክሪኑን ተውኩት።

አሥር ሰዓት ገደማ፣ አባዬ ዐስርን ሰግደው እንደጨረሱ፣ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ኃይለመለኮት ሦስት ፎቅ በዚያ እግር ወጥተው ያለከልካሉ፤ ከኋላቸው እትዬ ወለተሰንበት፣ ከእሳቸው ጎን ነጭ ጋቢ የለበሱት የእድራቸው ሊቀ መንበር አቶ ኢታና። ሦስቱም ገቡና ሳሎኑ መሀል ቆሙ። አባዬ «ተቀመጡ እንጂ» አሉ። አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ እንደማይቀመጥ ማንም ያውቃል፤ አባዬም ገባቸውና ፊታቸው ጠቆረ።

«ለልጄ ከሆነ የመጣችሁት አመሰግናለሁ፤ የአባትና የልጅ ነገር ግን ሽማግሌ አይፈልግም» አሉ።

«ለእሷ አይደለም» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት። «ለእኔ ነው ያመጣኋቸው። በሩን እኔ ነኝ የገጨሁት፣ አብዱልፈታህ። የቀየርኩትም እኔ ነኝ።»

እማዬ «የምን በር?» አለች። እትዬ ወለተሰንበት በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው «እኔም ገና ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ሶፊያ» አሉ። አባዬ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ደንግጠዋል ብዬ ነበር። አልደነገጡም።

«አውቅ ነበር» አሉ። «የፎርክሊፍቱ ሹካ ጫፍ ላይ የእኔ ቀለም ነበር፤ በማግስቱ አይቼዋለሁ። አንተ መቼ ነው የምትናገረው ብዬ ጠበቅሁ። ኮሚቴው ፊት ይናገራል አልኩ። ሹመቱን ካገኘ በኋላ ይናገራል አልኩ። ከዚያ አረፋ ሲመጣ፣ ዛሬ ይነግረኛል ብዬ ካንተ ጎን እቀመጣለሁ፤ ምስርህን በልተህ እጅህን ታጥበህ ትሄዳለህ። ሃያ ስድስት አረፋ። ከፍቶኛል፣ ኃይለመለኮት። በጣም ከፍቶኛል።»

አባዬ ከፍቶኛል ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ኃይለመለኮት ሊንበረከኩ ሲሉ አቶ ኢታና በብብታቸው ያዟቸውና፣ «በቃ፣ ተናግሯል፣ ጥፋቱን አምኗል። ለፈጣሪ ብለህ ይቅር በለው፣ ይኼ ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ይቅር» አሉ።

«ይቅር ያልኩትማ ዱሮ ነው» አሉ አባዬ። «ይቅር ባልለው ገበታዬ ላይ ይቀመጥ ነበር? ያልተመለሰልኝ ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ባለፈው እዚሁ ቁጭ ብለው ሳቁብኝ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ለእኔ ዘረጉልኝ። የጡረተኞቹን ግሩፕ ክፈቺልኝ፣ መጻፉ አይሆንልኝም፣ ድምፄን ቅጂልኝ አሉኝ። ከፈትኩላቸው። ስልኩን አፋቸው አጠገብ ያዝኩ። «እኔ ኃይለመለኮት ነኝ» ብለው ጀመሩ። ያቺን የጉብኝት ቀን፣ ፎርክሊፍቱን፣ በሩን ተናገሩ። «የአብዱልፈታህ መስመር ቀጥ ያለ ነበር። የጎበጠው የእኔ ነው» ብለው ጨረሱ። ቀረጻውን አቆምኩት። ከተላከ ስልሳ ሰው ይሰማዋል፤ አለቃችን ብለው የሚያከብሯቸው ሁሉ፣ ቤታቸው መጥተው ቡና የሚጠጡ ሁሉ።

አቶ ኢታና ጣልቃ ገቡ። ሰውየው በሽማግሌ ፊት ተናግሯል፣ ይኼ ይበቃል፣ በዚህ ዕድሜው በአደባባይ ማዋረድ ምን ያደርጋል አሉ። ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ አባዬስ የተዋረዱት የት ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬ ወለተሰንበት ወለሉን ያያሉ። ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ አባዬ እጃቸውን አንስተው ተዪው፣ ይጥፋ፣ ይኼው ይበቃኛል እንዲሉ። እንዲህ ነው የሚባለው። እኔም ጣቴን ከስልኩ አንስቼ፣ ልሰርዘው ተዘጋጅቼ ነበር።

አባዬ ስክሪኑን አዩ፤ ቀኙን ጎን። ከዚያ ወደ እማዬ አልዞሩም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ላኪው፣ ሙፊዳ» አሉኝ።

ላክሁት። ጋሽ ኃይለመለኮት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ስልኩ እጄ ላይ መንጫጫት ጀመረ፣ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። አባዬ ተነሱና ከጠረጴዛው ስር ወንበር ስበው ጋሽ ኃይለመለኮት ኋላ አደረጉላቸው። «አሁን ተቀመጥ» አሏቸው፣ «እግርህ አብጧል።» ይኼ እርቅ ይሁን ቅጣት እኔ አላወቅሁም። እማዬን አየኋት፤ እሷም አላወቀችም። ጋሽ ኃይለመለኮት ግን ተቀመጡ።